ከተቆጣጣሪው ጋር የተቋጠርኩ ለት

ከማላውቀው ወንድ ጋር በነጠላ ጫፍ ተቋጥሬ ረፋዱን ሙሉ ዋልኩ ብል ታምኑኛላችሁ? ያውም በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም በሁዳዴ ጾም። ጎረቤቶቼ እስካሁን ገበያ ላይ ሲያገኙኝ፣ «ያ ሰውዬሽ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «ደህና ነው። ደብረ ብርሃን መንግሥት ቤት ይሠራል፤ ሥራ በዝቶበት ነው ያልመጣው» እላቸዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ሳቁን ለእነሱ ብቻ ልተወው?

ነገሩ የጀመረው ግን ከጣቶቼ ነው።

መንግሥት ተለውጦ ሰው በግሉ ክሊኒክ መክፈት ከጀመረ በኋላ፣ ሐኪም ጌታነህ በከተማችን አንድ ከፈተ። የከተማውን ስም አልጠራም፤ ከሞላሌ የአንድ ቀን እግር መንገድ ነው፣ ይበቃችኋል። ጌታነህን አውቀዋለሁ። እናቱ ወፍጮ ስትሄድ እኔ ጀርባ ላይ ነበር የሚውል፤ ስንት ነጠላ እንዳበላሸብኝ እሱ ራሱ አያውቅም። ክሊኒኩን ሲከፍት፣ «እማማ፣ ጠራጊ እፈልጋለሁ፤ ባዳ ከማስገባ እርስዎ ይግቡልኝ» አለኝ። ገባሁ። በበሽተኛ ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፣ ዶክተርም እለዋለሁ። ሲያናድደኝ ግን ጀርባዬ ላይ የነበረበት ጊዜ ትዝ ይለኝና «አንተ» ይወጣኛል።

ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ላቦራቶሪ ይሏታል። እዚያ የምትሠራው ጽጌ ናት፣ ደሴ ተምራ የመጣች ቀጭን ልጅ። የሰው ደምና አክታ ጠፍጣፋ የብርጭቆ ቁራጭ ላይ ትቀባና በአንድ ዓይኗ አጮልቃ ታያለች። እሷ ያየችበትን ብርጭቆ የማጥበው እኔ ነኝ። ታዲያ ብርጭቆው በሳሙና አይጠራም ተብሎ፣ በአንድ ሰፊ የሸክላ ድስት ውኃ የመሰለ ነገር ተሞልቶ ይቀመጣል። ስሙ አሲድ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ቀን፣ «እማማ፣ እዚህ ውስጥ እየነከሩ በማንኪያ ያውጡ» አለኝ። ይኸው ነው ትምህርቱ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም።

ማንኪያው በሳምንቱ እጀታው ብቻ ቀረ።

እኔ ደግሞ የተፈጠርኩት ሞኝ ሆኜ ነው፤ ማንኪያውን ሲበላ ያየሁትን ነገር፣ ማንኪያው ሲያልቅ በእጄ ገባሁበት። መጀመሪያ ጣቴ አሳከከኝ። ቀጥሎ ነጣ፤ ቀጥሎ ቆዳው እንደ ድንች ልጣጭ ተነሳ። መጥረጊያ ለመያዝስ ግድ የለኝም፣ በመዳፌም እይዛለሁ። ችግሩ ጠጉር መፍተል አቃተኝ። የልጅ ልጄ ለፋሲካ ማግስት ትዳራለች፤ ባና፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችንን፣ የማለብሳት እኔ ነኝ። የእናቷን ባና የፈተልኩ እኔ፣ የአክስቷንም የፈተልኩ እኔ። ሦስት በግ ተሸልቶ ጠጉሩ ተነድፎ ቤቴ ተቀምጧል። ቁጭ ብዬ እንዝርቴን ሳሾር ጠጉሩ የተሰነጠቀ ጣቴ ውስጥ ይገባና ክሩ ደም ደም ይላል። ሙሽራ በደም ክር አላለብስ።

ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። እጄን አየና፣ «ምንም አይደል፤ ቅቤ ይቀቡት» አለኝ።

«በሁዳዴ?»

«አይበሉትም እኮ፣ እማማ። ይቀቡት ነው ያልኩ።»

«አንተ ልጅ፣ ጓንት የለህም? ያ ነጭ ላስቲክ፣ ጽጌ እጅ ላይ አንድ ቀን አይቼዋለሁ።»

«እሱ ለእንግዳ ሲሆን ነው» አለኝ። ጓንት ለእንግዳ። እንግዳ መጥቶ የእኔን ብርጭቆ የሚያጥብልኝ ይመስል።

እሺ አልኩ። ሰው ካልሰጠኝ እኔ ለራሴ እሠራለሁ አልኩና፣ ከአሮጌ ባና ቁራጭ ጓንት ሰፋሁ። ወፍራም፣ አምስት ጣት ያለው፣ እስከ ክርን የሚደርስ። ብርድ ለዘመናት የከለከለን ነገር ይኼን ውኃ መሳይ አይከለክልም ብዬ ማን ይጠረጥራል? ጽጌ ስታየኝ ሳቀች፤ እኔም በኩራት እጄን ድስቱ ውስጥ ሰደድኩ። ጓንቴ ጠጣ። ጠጥቶም ዝም አላለ፣ ለእጄ አካፈለኝ። አውልቄ ስጥለው እጄ እንደ ተቀቀለ ቀይ ሥር ሆኗል፤ ጓንቱም ሲደርቅ እንደ እንጨት ገተረ። እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ፤ አሁኑኑ ልናዘዝ፣ ኋላ ከምታፍሩብኝ። ያቺ ክፍል ከጣሪያው ሥር አንዲት ሽቦ የተወጠረባት ቀዳዳ አለቻት። የእኛን አገር ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ በቀዳዳ ሲገባ ሰውን መርጦ ነው የሚወጋ። እኔ ደግሞ ለጽጌ አዝኜ፣ ወንበር ላይ ቆሜ ቀዳዳዋን በበግ ጠጉር ጥርቅም አድርጌ ደፈንኳት። ሞቀን። ራሳችንን ግን ያመን ጀመር። ጽጌ ታስላለች፣ እኔ አስላለሁ። ቡዳ ነው ብለን ስንት ሰው ጠረጠርን። ቀዳዳዋ ለአየር እንደተተወች ማንም አልነገረንም።

አሁን ሕጉን ወዳገኘሁበት ልምጣ። አንድ ቅዳሜ ወለል ሳጥብ፣ ያ ጽጌ አጮልቃ የምታይበት መሣሪያ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ተጠቅጥቋል። እንዳይረጥብ ብዬ መዘዝኩት፤ ጠረጴዛው ዘመመ፤ ጽጌ ጮኸች።

«ምን የሚሉት መጽሐፍ ነው?» አልኳት።

አቧራውን አራግፋ ገለጠችው። «የሠራተኛ ሕግ ነው፣ እማማ» አለች። «ከመንግሥት የወጣ።»

«ታዲያ ጠረጴዛ ሥር ምን ይሠራል?»

«እኔ እንጃ። ስመጣም እዚያው ነበር።»

«በይ አንብቢልኝ። ስለ ጓንት ካለ ብቻ አንብቢልኝ፤ ሌላውን ተይው።»

ሁለታችንም መሬት ተቀመጥን። ፈልጋ አገኘችው። አሠሪ የሚባለው ሰው እንዲህ ማድረግ አለበት፣ እንዲህ ማድረግ አለበት ይላል። አቆምኳት።

«አሠሪ ማነው?»

«ሐኪም ጌታነህ ናቸዋ።»

«ሠራተኛስ?»

«እርስዎ ነዎት። እኔም።»

«እኔማ ጠራጊ ነኝ።»

«ሠራተኛ ነው የሚለው፣ እማማ። ጠራጊ ብሎ አልለየም።»

 መንግሥት እኔን ሳያውቀኝ፣ ስሜን ሳይጠራ፣ ስለ ጣቴ አስቦ ወረቀት ጽፏል። ወረቀቱ ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ተረግጦ ከረመ።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጆሮዬ ግን ጎበዝ ነው። ውዳሴ ማርያምን የያዝኩት በጆሮዬ ነው። ጽጌ እያነበበች እኔ ከኋላዋ እየተቀበልኩ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቋጠሮ በፈትል ክር ላይ ቋጠርኩ። አንደኛው ቋጠሮ፣ ሥራው ምን አደጋ እንዳለው ለሠራተኛው ይንገር። ሁለተኛው፣ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ያስተምር። ሦስተኛው፣ ጓንቱን፣ ሽርጡን፣ የዓይን መከለያውን ራሱ ያቅርብ፤ ወጪውም ከሠራተኛው ደመወዝ እንዳይነካ። አራተኛው፣ አደጋ ቢደርስ የሚረዳ ነገር በቅርብ ያኑር። ይኼን ስታነብ ጽጌ፣ «አሲድ ላይማ መጀመሪያው ውኃ ነው፤ እንዲያው ተምረነዋል» አለች። አምስተኛው፣ ቦታው ሰው የሚጎዳ እንዳይሆን ይጠብቅ፤ አየሩም እዚያ ውስጥ ነው። ስድስተኛው፣ ሰው ከተጎዳ ለመንግሥት ያሳውቅ። ስድስት ቋጠሮ። ክሩን አንገቴ ላይ ከማተቤ ጎን አሰርኩት።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ፊት ቆምኩና ስድስቱንም ሳልሳሳት ደረደርኩለት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ሳቀ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ለአዲስ አበባ ፋብሪካ የወጣ ነው። እዚህ ብርድ ውስጥ ማን መጥቶ ያያል?»

«እኔ አያለሁ።»

«እንግዲህ ካልተመቸዎት፣ ሌላ ጠራጊ አላጣም።»

ጀርባዬ ላይ ያደገ ልጅ ይኼን አለኝ። ቤቴ ገብቼ እንዝርቴን አየሁት፤ የሦስቱን በግ ጠጉር አየሁት። ብቀርስ? ብቀር ጣቴ ይድናል፤ ግን ነገ ሌላ ጠራጊ ይመጣል፣ የእሷም ጣት ድስቱ ውስጥ ይገባል። እሷም የምታለብሰው ሙሽራ ይኖራታል። አይሆንም አልኩ። አልቀርም፤ በጣቴም ድስቱን አልነካም። ዳኛ ፊት እናያለን።

ዳኛ ፊት እንዴት እንደሚኬድ ደግሞ አያቴ ነግረውኛል። ድሮ ሁለት ሰው ሲካሰስ፣ ከሳሽ የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጥርና «በሕግ አምላክ» ይላል። ከዚያ በኋላ ተከሳሹ ቢፈልግም አይሮጥም። ቁራኛ ይባላል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ቋጠሮውን ዳኛ ካልሆነ ማንም አይፈታውም። አያቴ ከአንድ በቅሎ ሌባ ጋር እንዲህ ተቋጥረው ሦስት ቀን ተጉዘዋል፤ ኋላ አበልጅ ሆኑ።

ረቡዕ ለት ለጉልበቴ ጠበል ቀድቼ፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን ተሸክሜ በዚያው ሥራ ገባሁ። ጀሪካኑን ላቦራቶሪው ጥግ አስቀመጥኩ። ቀና ስል ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ያ ከኋላ የሚታሰር ነጭ ገዋኑ፣ ትከሻው ላይ ያለችው የቀለም ጠብታ፣ ሁሉም አለ። በክሊኒኩ አንድ ገዋን ነው ያለው፤ ለባሹም አንድ ነው። ምን እጠራጠራለሁ? ቀስ ብዬ ተጠጋሁ፤ የነጠላዬን ጫፍ ከገዋኑ ማሰሪያ ጋር አገናኝቼ፣ ዕድሜ ልኩን ክር የሚፈትል ሰው እንደሚቋጥር አድርጌ ቋጠርኩት።

«በሕግ አምላክ፤ ንቅንቅ እንዳትል» አልኩ።

ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። አንገቱን ብቻ አዞረ። ሪዛም ነው። ጌታነህ ደግሞ ሪዝ የለውም።

«ምን አደረግኩ፣ እማማ?» አለኝ፣ ረጋ ብሎ።

ሐኪም ጌታነህ ገዋን ሳይለብስ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እማማ» አለ፣ «እሳቸው እኮ አቶ ፍቅሩ ናቸው። ከዞን ነው የመጡት። የሥራ ቦታ ደህንነት ተቆጣጣሪ።»

ለካ ጠዋት ስልክ ተደውሎለት፣ ያለችውን አንድ ገዋን አውልቆ ለእንግዳው አልብሷል። ለእንግዳ ነው አላለኝም ጓንቱን?

አቶ ፍቅሩ በእጁ ወደ ኋላ ዳሰሰና ሊፈታው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጽጌም ሞከረች፤ ሳቋ እጇን አላዘዘላትም። ገዋኑን እንዳያወልቅ ማሰሪያው ተቋጥሯል። እኔም ነጠላዬን ጥዬ በባዳ ወንድ ፊት አልቆም። ሐኪሙ መቀስ ፍለጋ ሲሄድ፣ «መቀስ አይነካውም። የተቋጠረ በዳኛ ነው የሚፈታ» አልኩ።

«ዳኛ የት አለ?» አለ አቶ ፍቅሩ።

«አንተ በምን መጣህ?»

«በሕግ ነው የመጣሁ።»

«እንግዲያው ዳኛውም የተቋጠረውም አንተው ነህ። ና፣ ላሳይህ።»

ነገሩን ከጽጌ ሲሰማ ሪዙ ሥር ፈገግ አለ። «ይሁን» አለ፣ «አይቼ እስክጨርስ አብረን እንሂድ።» ደብተሩን አወጣ። እኔ ክሬን ከአንገቴ አወጣሁ። እኔ አንድ እርምጃ ስሄድ እሱ አንድ እርምጃ በጀርባው ይከተለኛል፤ እሱ ሲዞር እኔ አብሬ እዞራለሁ። በሽተኞች በመስኮት ተደርድረው አዩን፤ ሆዴን አሞኛል ብላ የመጣች አንዲት ሴት በሳቅ ድና ተመለሰች።

«አንደኛው ቋጠሮ» አልኩት። «ድስቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሚያደርግ አልተነገረኝም።»

«ምን ብለው አስተማሯቸው?» አለ ወደ ሐኪሙ ዞሮ፤ እኔም አብሬ ዞርኩ።

«በማንኪያ ያውጡ ብያቸዋለሁ» አለ ሐኪሙ።

የማንኪያውን እጀታ ከመደርደሪያው አንስቼ ሰጠሁት። አቶ ፍቅሩ አገላብጦ አየውና ደብተሩ ውስጥ አስቀመጠው። እጄን አሳየሁት። እጄን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

አምስተኛው ቋጠሮ ላይ ስንደርስ ወደ ላይ አንጋጠጠ። «ይኼን ቀዳዳ ማን ደፈነው?»

ሐኪሙ በደስታ ወደ እኔ ጠቆመ። እንዲህ ሲቸኩል አይቼው አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በገዛ በጌ ጠጉር።»

«ቀዳዳው ለምን እንደተተወ ያውቁ ነበር፣ እማማ?»

«ለብርድ መስሎኝ።»

አቶ ፍቅሩ ሐኪሙን አየው። «እንግዲህ እሳቸው አለማወቃቸውም የእርስዎ ጥፋት ነው፤ ሊያስረዷቸው ይገባ ነበር።» ሐኪሙ ጣቱን አጠፈ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ምነው ይኼ ሕግ ለትዳር ወጥቶ ቢሆን አልኩ። እኔ ባጠፋሁ ቁጥር ባሌ ይጠየቅ ነበር።

ቀጥሎ ድስቱን ልይ ብሎ፣ መሐላችን አድርጎት በጎኑ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ሲል እኔን ሳበኝ፤ እኔ እንዳልወድቅ ወደ ኋላ ስል እሱን ሳብኩት። መሐላችን የተንጠለጠለው ቋጠሮ ዘው ብሎ ድስቱ ውስጥ ገባ። እሱ ቋጠሮውን ላወጣ ብሎ እጁን ሰደደ፤ የገባው ግን ጣቱ ነው።  ከዚያ፣ «ውኃ» አለ። አልጮኸም፤ ግን ድምፁ ተለውጧል።

ሐኪሙ ሮጠ። ውኃው ያለው በር ላይ፣ በርሜል ውስጥ ነው። በርሜሉ ጋ ደረሰ፤ መቅጃ አጣ። ተመለሰ፤ ኩባያ ይዞ ሮጠ። እኔ እስኪመጣ አልጠበቅኩም። ጥግ ያለውን ጀሪካኔን ከፈትኩና ጠበሉን እጁ ላይ ለቀቅኩት፤ ሙሉውን፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ። ጽጌ «እጅዎን ያቆዩት፣ አይጥረጉት» ትላለች፤ እኔ እያፈሰስኩ ውዳሴ ማርያም እላለሁ። ሐኪሙ ግማሽ ኩባያ ውኃ ይዞ ሲደርስ ሁሉም አልቋል። ጉልበቴ እስከ ዛሬ ተቀይሞኛል።

የሰውዬው ጣት ቀልቷል፤ አልተላጠም። ጣቱን ሲያይ ቆየ። ቀጥሎ የእኔን እጅ አየ፤ ቀጥሎ ድስቱን። «በየቀኑ?» አለኝ።

«ከእሑድ በስተቀር።»

ያን ጊዜ ነው የነጠላዬ ጫፍ ጠቁሮ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ብን ያለው። ቋጠሮው የለም። አሲዱ በልቶታል። ሁለታችንም ቀጥ ብለን ቆምን፤ ነጻ ሰዎች።

«ዳኛ ሳይፈታው ተፈታ» አለ አቶ ፍቅሩ።

«ዳኛ ማለት አይቶ የሚፈርድ ነው» አልኩት። «ድስቱም ሲያይ ከርሟል፤ ዛሬ ፈረደ።»

እዚያው ቆሞ ጻፈ፤ ጽጌ ኋላ አነበበችልኝ። ጓንቱ፣ ሽርጡና የዓይን መከለያው ቀርቦ፣ ሥራው በደንብ ለሠራተኞቹ ተገልጾ፣ ውኃ እክፍሉ ውስጥ ገብቶ፣ ቀዳዳው ተከፍቶ እንደገና እስኪታይ ድረስ ድስቱ ተከድኖ ይቆይ፤ ማንም እጁን እንዳይሰድ። አቤት ያለ ሠራተኛም ከሥራው እንዳይነሳ። ከሥር ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ለአደጋ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የተገኘ ብቸኛ ውኃ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠበል። ይኼን ሐኪሙ ፈረመበት። ሲፈርም ጆሮው እስኪቀላ አየሁት፤ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ አዘንኩለት። ልጅ እያለም ሲያጠፋ ጆሮው ነው የሚቀላ።

ከዚያ ማታ ቤቴ መጣ። ደጃፍ ቆሞ፣ «እማማ፣ አፈርኩ» አለኝ።

«ግባ። ማፈርህን ተቀምጠህ ጨርስ» አልኩት። ተቀምጦ የነደፍኩትን ጠጉር ለረዥም ጊዜ ሲያየው ቆየ። የየትኛዋ ሙሽራ ባና እንደሚሆን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ጠራጊ አንስቶ አያውቅም።

ጓንቱ መጣ፤ ወፍራም ላስቲክ፣ እስከ ክርን። የቧንቧ ውኃ ባይገባም በርሜሉ እክፍሉ ገባ፤ ከነመቅጃው። ቀዳዳዋን ራሴ ወንበር ላይ ወጥቼ ከፈትኳት፤ ጠጉሩን አላጠፋሁትም፣ አጥቤ ፈተልኩት። ብርዱ ይወጋናል፤ ጽጌን ግን ሳሉ ተዋት። ጣቴ ቆዳ ሲያወጣ፣ ቀንም ማታም አልል ፈተልኩ። ባናው ለፋሲካ ማግስት ደረሰ፤ አንድም የደም ነጠብጣብ የለበትም።

መጽሐፉ ወደ ጠረጴዛው ሥር አልተመለሰም፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከሥሩ ያስገባነው ያን የገተረ የባና ጓንቴን ነው፤ ጠረጴዛውን ለመደገፍማ የሚተካከለው የለም። የአቶ ፍቅሩ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ማንበብ ለሚችሉ። ከጎኑ የእኔ ባለ ስድስት ቋጠሮ ክር ተንጠልጥሏል፤ ለእኔና ለመሰሎቼ።

ነጠላዬን ጎረቤቶቼ ጠግኚው ይሉኛል። አልጠግነውም። ባለፈው ሰሞን ሐኪሙ ቸኩሎ ባዶ እጁን ወደ ድስቱ ሲሰድ አየሁት።  የተቃጠለውን ጫፍ ብቻ አነሳሁና፣ ሊቋጥር እንደተዘጋጀ ሰው በሁለት ጣቴ ቀስ አድርጌ ማጠንጠን ጀመርኩ። አየኝ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዶ፣ ጓንቱን አወረደ።